ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ

መስከረም 28

ለእህቴ ለእታለም፣

አይ፣ አልታመምኩም። ድምፄ የሻከረብሽ ቀኑን ሙሉ ስለማወራ ነው። ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ እንዲህ እሆናለሁ፤ አንቺ ረስተሽው ነው። እናንተስ እንዴት ናችሁ? እማዬስ? ያ የጉልበት ቅባት አሻላት ወይስ እንደ ልማዷ መሳቢያ ውስጥ ከትታው "ተሽሎኛል" ትላለች?

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር ስላለ ነው በኢሜይል የምጽፍልሽ። ስልኩን እንደምታውቂው እማዬ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ መሃላችሁ ነው የምታስቀምጠው። እኔና አንቺ ያወራነውን ጎረቤት ሳይቀር ይሰማዋል።

አዲሱን ቡድን ተረክቤያለሁ። ጉዞው ያው ነው፦ ጠዋት ካቴድራል፣ ቀትር ላይ ረጅም ምሳ፣ ከሰዓት በኋላ የሥዕል ሙዚየም፣ አመሻሽ ላይ ወይን ቅምሻ። የቢሮው ማስታወቂያ "ሥነ ጥበብ፣ ጥንታዊ ሕንፃና መልካም ማዕድ" ይላል። እኔ ብጽፈው ኖሮ "እግር፣ ወገብና ሽንት ቤት" እል ነበር። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሴትዮ አሉ፤ ዓመተ ምሕረት በጠራሁ ቁጥር መጽሐፋቸውን ገልጠው ያርሙኛል። አብረው ለመሆን ብለው ጉዞ የወጡ ባልና ሚስት አሉ፤ እስካሁን አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አላየኋቸውም። ደግሞ አንዱ "ይሄ ኦርጅናል ነው?" ሳይል የሚያልፈው ግድግዳ የለም። ትናንት የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ያለችውን የጀልባ ሥዕል ጠየቀኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደክሞኛል። እዚያው ቅስት ሥር ቆሜ ያንኑ ቀልድ እናገራለሁ፤ ሳቁ ከየትኛው ረድፍ እንደሚጀምር እንኳ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ያ ጉልላት ሥር ስገባ ቃል ያጥረኝ ነበር። አሁን ቃሉ ሞልቷል፤ ሌላው ነው የጠፋው።

እሺ፣ ወደ ነገሩ ልግባ። በመጀመሪያው እራት ላይ እያንዳንዱ እየተነሳ ራሱን ያስተዋውቃል። ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። ረጅም ነው፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። ስሙን ተናገረና "ሾፌር ነበርኩ፣ የጭነት" ብሎ ተቀመጠ።

እታለም፣ የተናገረው ስም ከእኔና ከአንቺ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው ነው።

ሾርባ እየታደለ ነበር። ጨው የሌለው የትኛው እንደሆነ ለዳይሬክተሯ ማሳየት ነበረብኝ፤ አሳየኋቸው። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ብዙ ነው፣ ጭነት መኪና የነዳም ብዙ ነው። ግን አንቺ ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ፊቱን ታስታውሻለሽ። እኔ ገና ስድህ ነው የሄደው፤ እማዬ ደግሞ አንድ ፎቶ እንኳ አላስተረፈችም። አንድ ምልክት ንገሪኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

ለእማዬ እንዳትነግሪ። ሳሚልኝ።

ያንቺዋ ሚጢ

መስከረም 29

ሚጢዬ፣

እንደምን አለሽልኝ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ ነው፤ አንድ የሳል ሽሮፕ ፈላጊ ሁለቴ "እህት?" ብሎኝ አልሰማሁትም። ደንበኛ ከገባ አቋርጣለሁ፣ ይቅር በይኝ።

እማዬ ደህና ናት። የቅባቱን ነገር እዚያው ሆነሽ አይተሽዋል። ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጋ ትውላለች፤ ዜና አንባቢው ራሱ ጆሮውን ሳያመው አይቀርም።

የአባታችን ምልክት ካልሽኝ፣ በግራ ቅንድቡ መሃል ጠባሳ ነበረው። የመኪና ክዳን ወድቆበት ነው፤ ጠጉር አያበቅልም። ሰው ሲያወራ ሲሰማ ደግሞ የጆሮውን ጫፍ ይዞ ነው። አንቺም ትይዣለሽ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

እሱ ከሆነም ዝም በይው። አትጋፈጪው፣ አትጠይቂው። ሕንፃ ሊያይ የመጣ ሰው ነው፤ ሕንፃውን አሳይው፣ ያበቃል። ብቻ ደረጃ ብዙ አታስወጪው፤ ጨው የበዛበት ነገርም አይብላ። ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያው ነው ማለቴ ነው።

ሰው ገባ። ራስሽን ጠብቂ። ዝንጅብል በሙቅ ውሃ ጠጪ፣ ለጉሮሮሽ።

እህትሽ

ጥቅምት 2

ጠባሳው አለ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ገባሁ፤ ይቅርታ፣ እታለም። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እንዳለሁ አለሁ።

ካቴድራሉ ውስጥ ነው ያየሁት። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ከላይኛው መስኮት የሚገባው ብርሃን ፊቱ ላይ አረፈና ቅንድቡ ለሁለት ተከፍሎ ታየኝ። የግድግዳውን ሥዕል እያስረዳሁ ነበር፤ አላቋረጥኩም። ሠዓሊው ሰማያዊውን ቀለም ለምን ከላይ ብቻ እንደተጠቀመበት ተናገርኩ፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ለመጨረስ እንዴት ይቻኮል እንደነበረ ተናገርኩ። አፌ የራሱን መንገድ ያውቀዋል።

እንግዶቹ ጆሯቸው ላይ ትንሽ ማዳመጫ ያደርጋሉ፤ እኔ አንገቴ ላይ ማይክ አለ። በሹክሹክታ ብናገር እንኳ አምድ ጀርባ የቆመው ይሰማኛል። ሌሎቹ እየሰሙ ሥዕሉን ያያሉ። እሱ ወለሉን ነው የሚያየው፤ የጆሮውን ጫፍ ይዞ። ስጨርስ ሁሉም ማዳመጫውን ያወልቃል፤ እሱ አውቶቡስ ከገባ በኋላም አያወልቅም። ትናንት ማይኩን ማጥፋት ረስቼ ለሾፌራችን ስለ ጫማዬ አማርርለት ነበር፤ ተረከዜን ልጦኛል፣ እንዲህ ያለ ጫማ የሠራ ሰው እግር አይቶ አያውቅም እያልኩ። ዘወር ስል ሰውዬው ጆሮውን ይዞ ይሰማኛል። ስለ ጫማ! ዛሬ ጠዋት ወንበሬ ላይ የቁስል ፕላስተር ተቀምጦ አገኘሁ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። ለጠፍኩት።

ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ሾፌራችን ምን አለኝ መሰለሽ? "እኚህ ሽማግሌ ከእኔ ጋር ፍሬን ይይዛሉ። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። እኔም ሳላስበው ቀስ እላለሁ።"

ወይን ቅምሻ ላይ ብርጭቆውን አንስቶ አሸተተና መልሶ አስቀመጠው። "ለምን አይቀምሱም?" አሉት ዳይሬክተሯ። "ለሾፌር አይሆንም" አለ። "አሁን ደግሞ ምን ሊነዱ ነው?" ሲሉት ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሲስቅ አንቺን ይመስላል። ይህን በመጻፌ እንዳትቆጪኝ።

ምሳ ላይ እኔ እንግዳ ሳስተናግድ አልበላም፤ ቆሜ ዳቦ እገምጣለሁ። ሊወጣ ሲል አጠገቤ ቆመና "እርስዎ ምንም አልበሉም" አለኝ። "ለምጄዋለሁ" አልኩት። ይኸው ነው ያወራነው።

ምን ተሰማሽ ብትዪኝ፣ ቁጣ ጠብቄ ነበር። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ይመስለኝ ነበር። ስፈልገው ግን አንድም የለም፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል ለካ። የመጣብኝ እንቅልፍ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ወደ ግንቡ ስንወጣ እሱ ብቻ ታች አግዳሚው ላይ ቀረ፤ "ደረጃ አልችልም" ብሎ። ደረጃ እንደማይችል አንቺ በምን አወቅሽ?

ሚጢ

ጥቅምት 4

እታለም፣

የትናንቱን ደብዳቤሽን አንብቤ አጠፋሁት። እንዳይከፋሽ፤ ደግሜ እንዳላነበው ብዬ ነው።

"አንቺም ከእሱ አትሻዪም፣ ከመንገድ አትወርጂም፣ ከእማዬ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ" ያልሽውን አልክድም። ዘንድሮ ቤት ያደርኩትን ብትቆጥሪው ከሆቴል እንግዳ አይበልጥም። እማዬን ሐኪም ቤት የምታመላልሺው አንቺ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ጠጋኝ የምትፈልጊው አንቺ፤ እኔ የሚያምር ፖስታ ካርድ እልካለሁ። ልክ ነሽ። ብቻ እኔ ስሄድ እንደምመለስ ተናግሬ ነው፤ ተመልሼም አውቃለሁ። ይህቺን ልዩነት አትንፈጊኝ።

ደግሞም ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትቆጪው የደበቅሽው ነገር ሲኖር ነው። ስኳሩን ጨርሰሽ በእኔ ላይ የጮኽሽበትን ቀን አልረሳሁም። ስለዚህ ጥያቄዬ እንዳለ ነው።

ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የማይሆን ነገር ሆነብኝ። በትልቁ አዳራሽ መሃል፣ ጣሪያው ላይ ስላሉት ሥዕሎች እየተናገርኩ ቃሌ ተቆረጠ። ሺህ ጊዜ ያልኩት ዓረፍተ ነገር ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሁሉም ማዳመጫውን እየነካካ የተበላሸ መሰለው። ዳይሬክተሯ ዓመተ ምሕረቱን በሹክሹክታ አቀበሉኝ፤ የጠፋኝ ግን እሱ አልነበረም። ይሄኔ ሰውዬው ከኋላ እጁን አነሳ። ከተነሳን ጀምሮ አንድም ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። "ይቅርታ፣ ንጉሡ ሽንት ቤታቸው በየት በኩል ነበር?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እኔም ትንፋሼ ተመለሰ። ሆን ብሎ እንደሆነ ያወቅሁት ካለፍን በኋላ፣ ሳየው ፊቱን ሲያዞር ነው።

እባክሽ መልሺልኝ። በክፉ አልይዝብሽም።

ሚጢ

ጥቅምት 5

ሚጢዬ፣

ስለተናገርኩሽ ይቅር በይኝ። ስኳሩንም የጨረስኩት እኔ ነበርኩ፤ ይኸው።

እኔ ነኝ የላክሁት።

ባለፈው ብርድ ወቅት ነው። የሐኪም ማዘዣ ይዞ ፋርማሲ ገባ። ስሙን ከማንበቤ በፊት ቅንድቡን አየሁ። አላወቀኝም። መድኃኒቱን ሳነብ ደግሞ ምን ያህል እንደታመመ ገባኝ፤ የልብ ነው፣ እንዲህ ያለው ለማን እንደሚታዘዝ ይሄው ስንት ዓመት ስሸጠው አውቃለሁ። "በቀን ስንት ጊዜ ነው የምወስደው፣ እህት?" አለኝ። እህት! "ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ" አልኩት። ወጣ። መጋዘን ገብቼ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በየጊዜው ይመጣል። ለብቻው ተከራይቶ የሚኖር ነው፤ ሌላ ልጅ የለውም፣ ሚስትም የለችም። ያልጠየቅሁትን ነው የነገረኝ፤ ፋርማሲ ለብቸኛ ሰው መጫወቻ ነው። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና "ትልቋ ልጅህ ነኝ" አልኩት። ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ከኋላው የተሰለፈችው ሴትዮ "እናንተ፣ ቶሎ በሉ እንጂ" ትላለች። ስለ እማዬ መጠየቅ ፈራ። "ትንሿስ?" ነው ያለኝ። "ትንሿ ሰው ታስጎበኛለች፤ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ነው የምትውለው" አልኩት።

"እኔ ስሄድ አፏን አልፈታችም ነበር" አለ። "ድምፅዋ ምን ዓይነት ነው?"

ምን ልበለው? ድምፅሽን እንዴት አድርጌ እነግረዋለሁ? የድርጅታችሁን ስም ጻፍኩለት። "ሂድና ራስህ ስማት። ግን አባቷ መሆንህን በአንዲት ቃል ብትነግራት መድኃኒትህን ሌላ ቦታ ፈልግ" አልኩት። ቃሉን እንደጠበቀ ከደብዳቤሽ ገባኝ።

ለምን አልነገርኩሽም? ብነግርሽ አትቀበዪውም ነበር። ለእማዬም መንገር አልችልም። በየቀኑ ማታ ቤት ስገባ "ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?" ትለኛለች፤ "ምንም" እላለሁ። ለብቻዬ መያዙ ከበደኝ፣ ሚጢ። ግማሹን አንቺ ያዥልኝ ብዬ ነው የላክሁልሽ።

ሲያተኩሰው ወይም እግሩ ሲያብጥ ካየሽ አትዘግዪ። ማታ ማታ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ያን ተመልከቺ።

እህትሽ

ጥቅምት 9

ለእታለም፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። የምጽፍልሽ ከሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ነው። አትደንግጪ፣ ደህና ነው፤ ማለቴ፣ ሐኪሙ "ለጊዜው ደህና ነው" ብሎኛል። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ወይን እርሻው ላይ ነው የሆነው፣ ከትናንት በስቲያ። ኮረብታው ረጋ ያለ ነው፣ ደረጃም የለውም፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ባለእርሻው ስለ አፈሩ ሲያወራ እኔ እየተረጎምኩ ነበር፤ መጀመሪያ ያየው ሾፌራችን ነው። ዝርዝሩን አልነግርሽም።

አምቡላንስ ሲመጣ ማን አብሮ እንደሚሄድ ጠየቁ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አስጎብኚ ቡድኑን አይለይም፣ በሽተኛውን የሆቴሉ ሰው ነው የሚከታተለው። ስንት ዓመት በዚህ ሠርቻለሁ። ቡድኑን የምመራባትን ሰማያዊ ጃንጥላዬን ለዳይሬክተሯ ሰጠኋቸውና "እርስዎ ይምሯቸው" አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ጃንጥላዋን ከፍ አድርገው "ሰልፍ!" ሲሉ ሰማሁ። ሾፌራችን ሲደውልልኝ እንደነገረኝ ከሆነ፣ ስም እየጠሩ "አቤት" ያስብሏቸዋል፤ ባልና ሚስቱንም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ቢሮው ግን ጮኸብኝ፤ "በምን ሥልጣንሽ?" አለኝ።

ማታ ነቃ። አየኝና "አንቺ ሂጂ፣ ሰዎቹ ይጠብቁሻል" አለኝ።

አንቺ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁኝ?" አልኩት።

"ከተወለድሽ" አለ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "ለምን ሄዱ?" አልኩት። እስከ መጨረሻው "እርስዎ" ነው ያልኩት፤ አክብሬው እንዳይመስልሽ፣ ለማላውቀው ሰው የምለው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ትልቅ ምክንያት ጠብቄ ነበር፤ ሌላ ሴት፣ እስር፣ የሆነ ነገር። "ደከመኝ" ነው ያለኝ። "መሄዱ አይደለም፤ መሄድ ቀላል ነው፣ ማርሽ ታስገቢያለሽ። መመለሱ ነው የደከመኝ። አንድ ቀን ጭነቱን አራገፍኩና ዛሬ እዚሁ ልደር አልኩ። ለአንድ ቀን ነበር። በማግስቱ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ እፍረት ነው።"

"እኔም ደክሞኛል" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ነርሷ ብቅ አለች። "እኔም ሁልጊዜ ይደክመኛል። ግን አንድ ሰው ከጎደለ አውቶቡሱን አላስነሳም። የሚያናድደኝንም፣ ሁልጊዜ የሚያረፍደውንም ቆሜ እጠብቃለሁ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ጠዋት ጠዋት ስትቆጥሪ እሰማሽ ነበር። እኔ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ይለወጥ እንደሆን ብዬ።"

"ተለወጠ?"

"አልተለወጠም። እንደማንኛውም ሰው ቆጠርሽኝ።" ዓይኑን ጨፈነ። "ከዚህ በላይ አልጠብቅም ነበር።"

ይኸው ነው፣ እታለም። ይቅር አላልኩትም፤ እሱም በይኝ አላለም። ውሃ ሲፈልግ አጠጣሁት። ካሁን በኋላ ብቻውን መኖር አይችልም ብሏል ሐኪሙ። እኔ ነገ ሌላ ቡድን እረከባለሁ፤ እንቢ ብል ቢሮው ያሰናብተኛል። ለእማዬ ንገሪያት። ግማሹን ያዥልኝ ብለሽኝ ነበር፤ ይዤዋለሁ። ይህን ግን በደብዳቤ ልሠራው አልችልም፤ እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ።

ሚጢ

ጥቅምት 11

ሚጢዬ፣

ነገርኳት።

ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ስጀምር ቴሌቪዥኑን ቀነሰችው፤ ያኔ ነው የፈራሁት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ፋርማሲውን፣ አንቺን፣ ኮረብታውን። አንሶላውን አራቱን ጫፍ አስተካክላ ጨረሰች። ከዚያ "በሕይወት አለ?" አለችኝ፤ ስነግራት እንዳልቆየሁ።

"አለ፣ እማዬ።"

"እኔ አላስገባውም" አለች። "ይህን ቤት ያለ እሱ ነው ያቆምኩት። ግን የእናንተም ቤት ነው፤ እናንተ ካስገባችሁት አላስወጣም። ከክፍሌ ግን አልወጣም። እንዳታስጠሩኝ።" ተነስታ ገባችና በሩን ዘጋች።

እኔ ሳሎን ተቀምጬ ቀረሁ። አለቀሰች እንዳልል ድምፅ የለም፤ ተኛች እንዳልል መብራቱ አልጠፋም። ስቆይ በተዘጋው በር በኩል ተናገረች፦

"ሁለት ትራስ ካላደረገ አይተኛም።"

ስለዚህ ላኪው። የእኔን ክፍል አዘጋጅቼለታለሁ፤ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። መድኃኒቱን በየሰዓቱ ለይተሽ ጻፊልኝ፤ የሐኪሞቹን የእጅ ጽሑፍ አላምንም።

እህትሽ

ጥቅምት 16

ሚጢዬ፣

ይቅርታ፣ "ደረሰ" ብቻ ብዬሽ ዝም ማለቴ ሰው ስላላሳረፈኝ ነው። አሁን ፋርማሲው ጭር ስላለ የጠየቅሽኝን ሁሉ ልመልስልሽ።

ሾፌራችሁ የተባረከ ሰው ነው። እረፍት በወጣበት ቀን በገዛ መኪናው እዚህ ድረስ ማምጣቱ! "መንገዱን ሁሉ አብረን ነው የነዳነው" አለኝ እየሳቀ። ሻንጣውን አስገብቶ ምግብ እንኳ ሳይቀምስ ተመለሰ።

እማዬን ጠይቀሽኛል። ከክፍሌ አልወጣም ብላ አልነበር? እኔና አባባ ደረጃዋን ቀስ እያልን ወጥተን በሩን ስከፍት፣ እማዬ መተላለፊያው መሃል መወልወያ ይዛ ቆማለች። በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ጠዋት እኔ የወለወልኩትን ወለል! ፀጉሯን አስራለች። እሱ ደፉ ላይ ቆመ፤ ግድግዳውን ይዟል፣ ትንፋሽ አጥሮታል። የሆነ ነገር ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እሷ ከላይ እስከ ታች አየችውና፦

"ጫማህን አውልቅ። ወለሉ እርጥብ ነው" አለችው።

ጎንበስ ማለት ስለማይችል እኔ ፈታሁለት። አንደኛው ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። እማዬ ጣቱን አየችው። መወልወያዋን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም፤ እሱም አልደፈረም። እሱ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ እሷ ወጥ ቤት ናት። ቴሌቪዥኑን ግን ቀንሳዋለች፤ ምክንያቱን ስጠይቃት "ጆሮዬን አመመኝ" አለች። ትናንት ጠዋት ስነሳ ያንን ካልሲ ይዛ ትሰፋዋለች። "የማን ነው፣ እማዬ?" አልኳት አውቄ።

"የእግር ነው" አለችኝ ቀና ሳትል።

ሚጢዬ፣ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ ካሁን በኋላ ግን አልደብቅሽም። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። መድኃኒቱን ጨምረውለታል፤ ከዚህ በላይ መጨመር አይቻልም። ስለ አንቺ ይጠይቀኛል፤ ዛሬ የት ደርሳለች፣ ምን እያሳየቻቸው ነው እያለ። የማላውቀውን ካቴድራል ሁሉ እየፈጠርኩ እነግረዋለሁ። አይሆንልኝም፤ የአንቺ አፍ የለኝም።

ወቅቱ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

እህትሽ

ጥቅምት 18

ለእታለም፣ ለእማዬና ለቤቱ ሁሉ፣

እንደምን ናችሁ? ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። አጭር ነው የምጽፈው፣ ሻንጣ እያዘጋጀሁ ነው።

ለቢሮው ደወልኩ። ባለፈው የጮኸብኝ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ቀዝቀዝ ብሎ "ከሄድሽ ለመጪው ወቅት ላንጠራሽ እንችላለን" አለኝ። "እሺ" አልኩት። እሱም እኔም በአጭር መልሴ ተገረምን። ምትክ አስጎብኚ ነገ ትመጣለች፤ ወጣት ናት፣ ጉልላቱን ስታይ ገና ቃል ያጥራታል ይባላል። ጥሩ ነው።

አሁን ለእንግዶቹ ነግሬያቸው መምጣቴ ነው። እራት ላይ ነበሩ፤ ዓሣው ገና መቅረቡ ነው፣ ብርጭቆ እየተቀዳ። ተነሳሁ። ከሙዚየም እንደተመለስን ማይኩን አውልቄዋለሁ፤ ድምፄም እንደምታውቂው ነው። ምን እንደምል አስቤ ነበር፤ የቤተሰብ ጉዳይ፣ አስቸኳይ ነገር፣ እንደዚህ ያለ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

"ነገ እለያችኋለሁ" አልኩ። "አባቴ ታሟል።"

እታለም፣ ይህን ቃል በዕድሜዬ ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ። ከጥግ በኩል የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል አሉና "ይቅርታ፣ እዚህ አልተሰማንም፤ ይድገሙልን" አሉ።

ደገምኩላቸው።

ሚጢ